አምስት መቶ ሰው ያልሞላባት መንደር

የሕንድ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ቆጠራ በተካሄደ ቁጥር ለየአውራጃው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ያወጣል። አብዛኛው ገጽ ሠንጠረዥ ነው፤ አንዱ ረድፍ አንዲት መንደር። ከመንደሯ ስም ቀጥሎ የመሬቷ ስፋት፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የነዋሪው ቁጥር ይሰፍራል። ከዚያ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የመጠጥ ውኃው፣ ፖስታ ቤቱ እየተባለ ይቀጥልና መጓጓዣ ላይ ይደረሳል። አውቶቡስ ይገባል? ባቡር ጣቢያ አለ? ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪስ? ትራክተር? እንስሳ የሚጎትተው ጋሪ? መንገዷ አስፋልት ነው፣ ጠጠር ነው ወይስ የእግር መንገድ ብቻ?

የተጠየቀው ነገር መንደሯ ውስጥ ካለ “አለ” ይባላል። ከሌለ በቦታው አንድ ፊደል ይገባል። “ኤ” ከተጻፈ ከ5 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ይገኛል ማለት ነው። “ቢ” ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር፣ “ሲ” ደግሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ። ቢሮ ቁጭ ብሎ ሠንጠረዡን ለሚያገላብጥ ሰው “ሲ” ዐይን የማይዝ ፊደል ነው። በዚያች መንደር ለሚኖር ሰው ግን ሌሊት ምጥ የያዛት ሚስት፣ ገበያ ሳይደርስ የሚበላሽ ቲማቲም፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ የተቋረጠ ትምህርት ነው።

የሕንድ ሕዝብ ብዛት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የሙምባይን ግፊያና በሩ ላይ ሰው የተንጠለጠለበትን ባቡር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሕንድ ቻይናን በልጣ የዓለም አንደኛ መሆኗን ሲያስታውቅም ዜናው የታጀበው በከተማ ሰው ጎርፍ ፎቶግራፎች ነበር። ይሁን እንጂ በ2011 ቆጠራ መሠረት ከ1.21 ቢሊዮኑ ሕንዳዊ 833 ሚሊዮኑ የገጠር ነዋሪ ነው፤ ከመቶው 69 ያህሉ ማለት ነው። የሚኖረውም ከ640 ሺህ በላይ በሆኑ መንደሮች ተበትኖ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ከ40 ሺህ የሚበልጡት ስማቸው መዝገብ ላይ ያለ፣ ሰው ግን የማይኖርባቸው ናቸው። ከመንደሮቹ አንዳንዶቹ አሥር ሺህ ሰው ይይዛሉ፤ ሌሎቹ ሠላሳ ቤት እንኳ አይሞሉም።

በቢሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ መካከል የእነዚህ ትንንሽ መንደሮች ችግር ማነሳቸው ነው። መንገድ የሚመጣው ሰው ተቆጥሮ ነውና።

ነገሩ የተጀመረው ታኅሣሥ 25 ቀን 2000 ነው። በዚያን ዕለት የጠቅላይ ሚኒስትር አታል ቢሃሪ ቫጅፓዬ መንግሥት “ፕራዳን ማንትሪ ግራም ሳዳክ ዮጃና” የተባለውን መርሐ ግብር ይፋ አደረገ፤ ትርጉሙ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መንገድ ዕቅድ እንደማለት ነው። በወቅቱ በመላ አገሪቱ ከተመዘገቡት 825 ሺህ ያህል ጎጦች 330 ሺህ የሚሆኑት ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ አልነበራቸውም። በበጋ አቧራ የሚቦንበት የጋሪ ዱካ አላቸው። ሰኔ ላይ የዝናቡ ወራት ሲገባ ዱካው ጭቃ ይሆንና መንደሯ እስከ መስከረም በራሷ ላይ ትዘጋለች። ሕንዶች ይህን ልዩነት በሁለት ቃል ይገልጹታል፤ “ካቻ” ጥሬው፣ ያልጸናው ነው፤ “ፓካ” የበሰለው፣ የጸናው። መንገድም፣ ቤትም፣ ውልም በእነዚህ ሁለት ቃላት ይለካል።

ገንዘቡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ ወረፋ አስፈለገ፤ ወረፋውን የሚወስነው ደግሞ የነዋሪ ቁጥር እንዲሆን ተደረገ። መጀመሪያ 1,000 ሰውና ከዚያ በላይ ያላቸው ጎጦች፣ ቀጥሎ 500 የሞላቸው። በተራራማ ክልሎች፣ በበረሃና ነባር ጎሣዎች በሚኖሩባቸው አካባቢዎች መስፈርቱ ወደ 250 ዝቅ አለ። ከዚያ በታች ያለ ጎጥ በዕቅዱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ሕጉ ዝርዝር ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ የሰው ዕጣ ፈንታ አለ። በሜዳማ አገር አንድ ጎጥ “መንገድ የሌለው” ለመባል ከአስተማማኝ መንገድ ቢያንስ 500 ሜትር መራቅ አለበት፤ በተራራ ላይ ደግሞ በእግር መንገድ ተለክቶ 1.5 ኪሎ ሜትር። 500 ሰው ያልሞላው ጎጥ በ500 ሜትር ዙሪያ ጎረቤት ጎጥ ካለው ሁለቱ ተደምረው እንደ አንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ይህ ብልህ መላ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ሰፈሮችንም ታድጓል። ጎረቤቱ 600 ሜትር ላይ ያለ ጎጥ ግን ብቻውን ነው። 510 ሰው ያለው ጎጥ አስፋልት ሲደርሰው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ባለ 490ው ወረፋ ውስጥ እንኳ አይገባም።

ለሕጉ የሚከራከር ሰው ምክንያት አያጣም። በአንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ብዙ ሰው መጥቀም ከተቻለ ለጥቂቱ ማዋል የሕዝብ ገንዘብ ማባከን ነው ይላል። ቁጥር ግልጽ መለኪያ በመሆኑም የአካባቢ ሹማምንት መንገዱን ወደ ዘመድና ወደ መራጭ እንዳይጎትቱት ልጓም ይሆናል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሥራውም ቀላል አይደለም፤ ከ2000 ወዲህ በዚህ መርሐ ግብር ከ700 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ተሠርቷል። በየመንገዱ መግቢያ በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ ሰሌዳ ተተክሎ ይታያል፤ ሥራ ተቋራጩ ማን እንደሆነ፣ ስንት ሩፒ እንደወጣ፣ ለአምስት ዓመት የመጠገን ግዴታ እንዳለበት ጭምር ይነግራል። ገበሬው የመንገዱን ዋጋ ከደጁ ላይ እንዲያነብ መደረጉ ሊመሰገን የሚገባው አሠራር ነው።

ጥያቄው ከመስመሩ በታች ስለቀሩት ነው።

በደቡብ ምሥራቅ ሕንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽ ክልል፣ ቡና አብቃይ ከሆነው የአራኩ ሸለቆ ዙሪያ ያሉት ተራሮች በጫፋቸው ላይ ብዙ ትንንሽ ጎጦችን ይዘዋል። ሃያ ቤት እዚህ፣ ዐሥራ አምስት ቤት እዚያ። ነዋሪዎቹ ከጥንት ጀምሮ በደን ውስጥ የኖሩ ጎሣዎች ናቸው። እዚያ ሰው ሲታመም “ዶሊ” ይዘጋጃል። አንድ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ይፈለጋል። ብርድ ልብስ ወይም ጠንካራ ነጠላ ጨርቅ በሁለት ጫፉ ከቀርከሃው ጋር ተቋጥሮ እንደ ሕፃን አልጋ ይንጠለጠላል። በሽተኛዋ ጨርቁ ውስጥ ትገባለች። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎልማሳ ቀርከሃውን በትከሻቸው ይሸከማሉ፤ ሌሎች አራት አምስት ሰዎች ለመቀያየር ከጎን ይከተላሉ። አንዱ ከፊት ቀድሞ ድንጋዩ የሚያንሸራትተውን ቦታ ይጠቁማል። ወንዝ ሲደርሱ ቀርከሃውን ከትከሻ አንስተው ከራሳቸው በላይ ያደርጉታል።

ታች አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አምቡላንስ ይጠብቃል። በሕንድ 108 ብሎ የሚደውል ሰው ያለክፍያ አምቡላንስ ይመጣለታል፤ አገልግሎቱ በ2005 ሃይደራባድ ላይ ተጀምሮ አብዛኞቹን ክልሎች አዳርሷል። መንግሥት በዚያው ዓመት በጤና ተቋም ለምትወልድ የገጠር እናት ገንዘብ መስጠትም ጀምሯል። ስልኩ አለ፣ ተሽከርካሪው አለ፣ ክፍያው አለ። የሚጎድለው የመጨረሻው አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱን የሚሸፍነው የሰው ትከሻ ነው። በዶሊ ላይ ሳሉ የወለዱ፣ በዶሊ ላይ ሳሉ ያረፉ ሴቶች ዜና በየክረምቱ በሕንድ ጋዜጦች ይወጣል። በሰሜን ሕንድ “ዶሊ” የሚለው ቃል ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት የምትወሰድበት ያጌጠ መሸከሚያ ስም ነው። አንድ ቃል፣ እዚያ ለሠርግ፣ እዚህ ለጣር።

ቃሬዛ ተሸክሞ ተራራ የወረደ ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ሂማላያ ግርጌ ሲወጣ ሌላ ነገር ይታያል። በኡታራካንድ ክልል የገጠር ልማትና ስደት ኮሚሽን በ2018 ባወጣው ሪፖርት ከ2011 ቆጠራ ወዲህ 734 መንደሮች ሰው አልባ እንደሆኑ ገልጿል። ፓውሪና አልሞራ የተባሉት ሁለት አውራጃዎች ደግሞ የመላው አገር ሕዝብ በሚያድግበት በ2001 እና በ2011 መካከል ነዋሪያቸው ቀንሷል። ኮሚሽኑ የጠየቃቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የለቀቁት ሥራ ፍለጋ ነው፤ ትምህርትና ሕክምና ማጣትም ተከታትለው ይመጣሉ። የእርከን እርሻው ሣር ውጦታል። የድንጋይ ቤቶቹ በራቸው በሰንሰለት ተቆልፎ ጣሪያቸው ወደ ውስጥ ሰምጧል። ኗሪዎቹ “ቡቲያ ጋኦን”፣ የመናፍስት መንደር ይሏቸዋል።

እዚህ ላይ የቁጥሩ ሕግ ክፉ ጎኑን ያሳያል። መንገድ ስለሌለ ወጣቱ ይወጣል፤ ወጣቱ ሲወጣ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ከ250 ሲወርድ መንገዱ ይቀራል። የቀሩት ሽማግሌዎች ድሮ 300 የነበረ መንደር ውስጥ 60 ሆነው ያረጃሉ። ከወጡት ልጆች አንዱ ጡረታ ወጥቶ መመለስ ቢያምረው እንኳ ለደም ግፊቱ መድኃኒት የሚገዛበት ቦታ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው።

ያም ሆኖ ይህችው አገር ለጥቂት ሰው ስትል ሩቅ መሄድ አያቅታትም። የሕንድ ምርጫ ኮሚሽን ማንም መራጭ ድምፅ ለመስጠት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም የሚል ደንብ አለው። በ2024 ምርጫ አሩናቻል ፕራዴሽ ውስጥ፣ በቻይና ድንበር አቅራቢያ፣ ማሎጋም በተባለች ቦታ በመዝገብ የነበረችው መራጭ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። አስመራጮቹ የድምፅ መስጫ መሣሪያውን ተሸክመው ለእሷ ብቻ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የተራራ መንገድ በእግር እንዲጓዙ ተመደቡ። በጉጅራት የጊር ደን ውስጥ፣ አንበሶች በሚኖሩበት፣ ለአንድ የቤተ መቅደስ አገልጋይ ተብሎ ጣቢያ ሲቋቋም ኖሯል። ሕንዶች በዚህ ይኮራሉ፤ ኩራታቸውም ይገባቸዋል። ለድምፅ ሲሆን አንድ ሰው ሙሉ ሰው ነው፤ ለመንገድ ሲሆን ግን ከ499 ሰዎች ጋር ካልተደመረ አይቆጠርም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ሊማር ይገባዋል።

ወረፋው እስኪደርስ ያልጠበቀ አንድ ሰው ነበር። ስሙ ዳሽራት ማንጂ ይባላል፤ አገሩ ቢሃር ክልል፣ ጋያ አውራጃ፣ ጌህሎር መንደር። ማንጂ ከሙሳሃሮች ወገን ነበር፤ በሕንድ የዘር እርከን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ከሚመደቡት፣ መሬት ከሌላቸው የቀን ሠራተኞች። በልጅነቱ ከቤት ጠፍቶ በዳንባድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠርቷል። ጌህሎርን ሐኪም፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ካለበት ከዋዚርጋንጅ የሚለያት አንድ ጠባብ የዓለት ኮረብታ ነው። ኮረብታውን ለመዞር ግን ረጅም መንገድ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ባለቤቱ ፋልጉኒ ዴቪ ከዚያ ኮረብታ ላይ ወድቃ ተጎዳች፤ ወደ ሕክምና በጊዜ ማድረስ ስላልተቻለ በ1959 ሞተች።

በዓመቱ ማንጂ ፍየሎቹን ሸጦ መዶሻና መሮ ገዛ። ቀን በሰው እርሻ እየሠራ፣ ከሥራ በፊትና በኋላ ዓለቱን መፈልፈል ያዘ። የመንደሩ ሰው አበደ አለው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ከሳቁት መካከል ምግብ የሚያቀብሉትና መሣሪያ የሚገዙለት ተገኙ። በ1982፣ በ22ኛው ዓመት፣ 110 ሜትር ርዝመትና 9 ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 7.7 ሜትር የሚደርስ መተላለፊያ ተከፈተ። በአትሪና በዋዚርጋንጅ ወረዳዎች መካከል የነበረው 55 ኪሎ ሜትር ወደ 15 ወረደ። ማንጂ ነሐሴ 17 ቀን 2007 ኒው ዴልሂ ሆስፒታል ውስጥ በካንሰር ሲሞት የቢሃር መንግሥት በክብር ቀበረው፤ በስሙ ቴምብር ታተመ፤ በ2015 ሕይወቱ ፊልም ሆነ። መተላለፊያው አስፋልት የለበሰው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ በሕንድ የጽናት ምሳሌ ተደርጎ ይነገራል። ምሳሌነቱ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ድሃ 22 ዓመት ዓለት የፈለፈለው በምን ምክንያት እንደሆነ መዘንጋት የለበትም፤ ባሩድና ማሽን የነበረው መንግሥት በጥቂት ወራት የሚጨርሰው ሥራ ነበር።

መንገድ ሲመጣስ ምን ይለወጣል? ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የ500 እና የ1,000 መስፈርትን እንደ መመርመሪያ ተጠቀሙበት። ከመስመሩ በጥቂቱ በላይ የሆኑትን መንደሮች ከመስመሩ በጥቂቱ በታች ከቀሩት ጋር አነጻጸሩ፤ ሁለቱ በሁሉም ነገር ይመሳሰላሉ፣ የሚለያቸው መንገዱ ነው። በ2020 ያሳተሙት ውጤት ብዙ ሰው ከጠበቀው የተለየ ነበር። የእርሻው ምርት ያን ያህል አልተለወጠም፤ የቤተሰብ ገቢና ሀብትም እንደዚያው። የተለወጠው የሰው እንቅስቃሴ ነው። በእርሻ የሚተዳደረው ሠራተኛ ድርሻ በ9 መቶኛ ነጥብ ያህል ቀንሶ ሰዉ ወደ ደሞዝ ሥራ ዞረ። ቀድሞ እህል ይወጣበታል የተባለው መንገድ ይበልጥ ሰው ወጣበት። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከአንጃሊ አዱኪያ ጋር በሠሩት ሌላ ጥናት ደግሞ መንገድ በገባባቸው መንደሮች ከአንደኛ ደረጃ ቀጥሎ ባሉት ክፍሎች የሚማሩ ልጆች ቁጥር ጨምሮ ተገኝቷል። ወላጅ ልጁ የሚሠራበትን ከተማ ካየ፣ ደብተር መግዛት ከንቱ ድካም አይመስለውም።

ስለዚህ አስፋልት ብቻውን ሀብት አያወርድም። አንድ ግልጽ ምክንያት አለው፤ መንገድና መጓጓዣ አንድ አይደሉም። አስፋልቱ ደጅ ደርሶ የሚመጣ መኪና የሌለባቸው መንደሮች ብዙ ናቸው።

ከአነስተኛ ከተማ መናኸሪያ ወደ መንደር የሚሄደው ብዙውን ጊዜ የጋራ ጂፕ ወይም ባለ ሦስት እግር ነው። አዲስ አበባ ዳርም ሆነ ሐዋሳ ላይ “ባጃጅ” የምንለው ተሽከርካሪ ስሙን ያገኘው መቀመጫውን ፑኔ ከተማ ካደረገው ባጃጅ ኦቶ ከተባለው ኩባንያ ነው። በሕንድ ግን “ኦቶ” ነው የሚባለው፤ ባጃጅ የኩባንያ ስም ብቻ ነው። በጉጅራት ገጠር ከፊቱ ሞተር ሳይክል፣ ከኋላው ክፍት ጋሪ የሆነ “ቻክዳ” ይሠራል። በሰሜኑ ደግሞ ለመስኖ የሚውለውን የውኃ መሳቢያ ሞተር እንጨት ላይ ገጥመው “ጁጋድ” ብለው ይነዱታል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ሳይመዘገብ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ወስኖበታል።

የጂፑን አካሄድ ላስተዋለ ሰው የሕዝብ ቁጥርና መጓጓዣ እንዴት እንደተሳሰሩ ወለል ብሎ ይታየዋል። ሾፌሩ በሰዓት አይነሳም፤ ሲሞላ ነው የሚነሳው። ከፊት ሦስት፣ ከመሀል አራት፣ ከኋላ ትይዩ ወንበር ላይ የተጠቀጠቁ ስድስት፣ ወንበሩ ከሞላ ደግሞ ከኋላ ብረቱን ይዘው የሚቆሙ ሁለት ሦስት ወጣቶች። ጣሪያው ላይ የሩዝ ጆንያ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ አንዳንዴም ጥንድ ፍየል። ሁለት ሺህ ሰው ወዳለበት መንደር የሚሄደው በየግማሽ ሰዓቱ ይሞላል። ሦስት መቶ ሰው ወዳለበት የሚሄደው ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ቢሞላ ነው። ጠዋት ያመለጣት እናት ከታመመ ልጇ ጋር መናኸሪያው ጥላ ሥር እስከ ማታ ትቀመጣለች፤ ወይም ባዶውን ወንበር ሁሉ ከፍላ “ኮንትራት” ትይዛለች፤ ያ ደግሞ የብዙ ቀን ደሞዝ ነው። መንገዱ 500 ሰው እንደሚጠብቅ፣ ጂፑም ዐሥራ አምስት ሰው ይጠብቃል።

ይህን ክፍተት በገበያ ስሌት ብቻ የሚሞላው የለም። የመንግሥት አውቶቡስ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። በማሃራሽትራ ክልል የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት በሰኔ 1948 ከፑኔ ወደ አህመድናጋር የመጀመሪያውን አውቶቡስ አሠማራ፤ ዛሬ ቀዩን አውቶቡስ ሰዉ “ላል ፓሪ”፣ ቀይዋ መልአክ እንደማለት፣ ብሎ ይጠራዋል። ከመስመሮቹ አንዳንዶቹ ማታ መጨረሻዋ መንደር ደርሰው እዚያው ያድራሉ። ሾፌርና ረዳት በመንደሩ ተኝተው ጎህ ሳይቀድ ሞተር ያስነሳሉ። በዚያች አውቶቡስ ወተት፣ ጎመን፣ ተማሪና ሕመምተኛ አብረው ይወርዳሉ። ብትሞላም ባትሞላም በሰዓቷ ትሄዳለች፤ ከጂፑ የሚለያት ይኸው ነው። በ2021 መጨረሻ የድርጅቱ ሠራተኞች “የመንግሥት ሠራተኛ እንባል” ብለው ሥራ ሲያቆሙና አድማው እስከ ሚያዝያ 2022 ሲዘልቅ፣ ከሁሉ በላይ የተጎዳው ሌላ አማራጭ የሌለው ገጠር ነበር።

ሴቶችንና ልጃገረዶችን በተመለከተ ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ቢሃር በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለምትገባ ልጃገረድ ሁሉ ብስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ መስጠት ጀመረች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየመንደሩ የለም፤ አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ለብቻዋ በእግር የምትሄድ ሴት ልጅ ደግሞ የወላጅ ሥጋት ናት። ካርቲክ ሙራሊዳራንና ኒሺት ፕራካሽ ያጠኑት እንደሚያሳየው ዕቅዱ በሁለተኛ ደረጃ የሚመዘገቡ ልጃገረዶችን ቁጥር በ32 በመቶ ከፍ አደረገ፤ በወንድና በሴት መካከል ያለውንም ልዩነት በ40 በመቶ አጠበበ። ለውጡ ጎልቶ የታየው ትምህርት ቤቱ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች ነው። የደንብ ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች ተሰልፈው ብስክሌት እየነዱ ሲያልፉ ማየት በቢሃር መንገዶች የተለመደ ሆኗል። ዕቅዱ አንድ ልጃገረድ ብቻ ያላትን መንደር አልለየም፤ ለአንዷም ብስክሌት ሰጠ።

ካርናታካ ክልልም ከሰኔ 2023 ጀምሮ በመንግሥት የተለመዱ አውቶቡሶች ላይ ሴቶች ያለክፍያ እንዲጓዙ ፈቅዳለች። ታሚል ናዱና ቴላንጋናም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። ወጪው ከባድ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የቀን ሠራተኛ የሆነች ሴት ከደሞዟ ለመጓጓዣ የምትቀንሰው ሩፒ ለልጇ እራት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ወጪውን በሌላ ሚዛን ይመዝነዋል።

የማዕከላዊው መንግሥትም ከመስመሩ በታች የቀሩትን ጎጦች አልረሳም። በመስከረም 2024 የመርሐ ግብሩ አራተኛ ምዕራፍ ጸደቀ። እስከ 2029 ድረስ 25 ሺህ ተጨማሪ ጎጦችን የሚያገናኝ 62,500 ኪሎ ሜትር መንገድ ሊሠራ ታቅዷል። መስፈርቱ እንደ በፊቱ በሜዳ 500፣ በተራራ 250 ሲሆን፣ የታጣቂዎች ግጭት በጎዳቸው አውራጃዎች ወደ 100 ወርዷል። ይህ መልካም ጅምር ነው። መቶ ሰው ከበቃ ለሌላው ተራራስ ለምን አይበቃም የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል።

ሌላም ጥያቄ አለ። ወረፋውን የሚወስነው ቁጥር የ2011 ቆጠራ ነው። ያኔ 2.7 ሚሊዮን ሠራተኞች በየቤቱ ዞረው ሕዝቡን መዘገቡ፤ ቀጣዩ በ2021 ሊካሄድ ታቅዶ በኮሮና ምክንያት ተላለፈ፤ እንደገናም ተላለፈ። አሁን የተቆረጠው ቀን መጋቢት 1 ቀን 2027 ነው። በረዶ በሚዘጋቸው የሂማላያ አካባቢዎች ደግሞ ቆጠራው ቀደም ብሎ ጥቅምት 1 ቀን 2026 እንዲሆን ተወስኗል፤ በበረዶው ወራት ቆጣሪው ራሱ መንደሮቹ ጋ መድረስ አይችልምና። የ2011 ቆጠራ የነዋሪውን ቁጥር የያዘው መጋቢት 1 ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። በማግስቱ ባለ 499 ሰው ጎጥ ውስጥ የተወለደች ልጅ ለመንገዱ ወረፋ እስካሁን አልተቆጠረችም፤ ቀጣዩ ቆጠራ የተቆረጠለት ቀን ሲደርስ 16 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ይቀራታል።